ትከሻዬ ቦታ አጣ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሙዚቃ ዓምድ

ጥያቄ፦ ልጆቼ በየሠርጉ የሚጨፍሩበትን ሙዚቃ አንዴ አፍሮቢትስ፣ አንዴ አማፒያኖ፣ አንዴ አፍሮ ሃውስ ይሉታል። ለእኔ ሁሉም አንድ ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው? ለምንስ እኛ የምናውቀውን የቆየ ዘፈን እየነካኩ ይሠሩታል? (የአራት ልጆች እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ልዩነቱን ለማወቅ ጆሮዎን ትተው እግርዎን ይስሙ። አፍሮ ሃውስ ላይ ትልቁ ከበሮ (ልጆቹ ኪክ የሚሉት) እንደ ወታደር እርምጃ ሳያዛንፍ፣ እኩል እኩል ይመታል፤ በደቂቃ 120 አካባቢ፣ በሰከንድ ሁለት ማለት ነው። በእሱ ላይ የእጅ ከበሮው፣ ሻኩራው፣ ጭብጨባው ይደረባል። አማፒያኖ ከዚህ ዝግ ይላል፣ ትልቁ ከበሮ አልፎ አልፎ ነው የሚሰማው፤ ጭፈራውን የሚመራው ሎግ ድራም የሚባለው ወፍራም፣ እንደ እንጨት የሚንኳኳ ቤዝ ነው። ሁለቱም የደቡብ አፍሪካ ልጆች ናቸው። አፍሮቢትስ ደግሞ የሌጎስና የአክራ ነው፤ ከበሮው እኩል አይራመድም፣ ይሰባበራል።

የቆየ ዘፈን ለምን ይነካሉ ላሉት፣ የአፍሮ ሃውስ እናት የሆነው ሃውስ ሲወለድም እንዲሁ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ቺካጎ ውስጥ ዲጄዎች ሰው የሚወደውን ሸክላ ወስደው ከበሮውን እያጠነከሩ፣ እያስረዘሙ ነው የጀመሩት። ማሊያዊው ሳሊፍ ኬይታ እና የኬፕ ቨርዴዋ ሴዛሪያ ኤቮራ በ2002 እ.ኤ.አ. አብረው ያወጡት «ያሞሬ» የሚባል የፍቅር ዘፈን አለ። ጣሊያናዊው ዲጄ ሞብላክ ከጓደኞቹ ጋር በአፍሮ ሃውስ ሠራው። ዘፋኞቹን በስም የማያውቅ ወጣት ዛሬ ዜማውን ያንጎራጉራል። ልጆችዎ ሲያጫውቱት ቁጭ ብለው ይስሙት፤ የሁለቱ ድምፅ እየተቀባበለ ሲሄድ ከበሮው መንገድ ሲለቅላቸው ያስተውላሉ። መንገድ የማይለቅም ሞልቷል፤ የሚቀጥለው ጥያቄ ስለዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ነው የምኖረው፣ 24 ዓመቴ ነው። ቀን ሞባይል እጠግናለሁ፣ ማታ በላፕቶፔ ሙዚቃ እሠራለሁ። አባቴ በጡረታ ላይ ያለ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ወጣትነቱን የጨረሰው በአሰብ መንገድ ነው። በ1960ዎቹ የተቀረፀ አንድ ዘፈን አለ፣ አባቴ እሱን ሳይሰማ አይውልም። ስሙን የማልጠቅሰው ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ብዬ ነው። ይህን ዘፈን በ122 ቢፒኤም (በደቂቃ 122 ምት) አፍሮ ሃውስ አድርጌ ሠራሁት። ጓደኞቼ በጣም ወደዱት። በፋሲካ ማግስት ለአባቴ ከፈትኩለት። ትከሻውን ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከር አደረገና ተወው። «ዘፈኑስ የኔ ነው፤ ግን ትከሻዬ ቦታ አጣ» ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አላነሳውም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ምን አጠፋሁ? ሁለተኛ፣ ዩቲዩብ ላይ ልጭነው አስቤ ነበር፤ ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም ይሉኛል። እውነት ነው? ሥራዬንም ዋናውን ዘፈንም ልኬልዎታለሁ።

መልስ፦ ዕድሜህን ስለነገርከኝ አንተ እያልኩ ልመልስልህ። ሁለቱንም ሦስት ሦስት ጊዜ በጆሮ ማዳመጫ ሰማኋቸው፤ ከዚያ ድምፅ ማጉያው ላይ ከፍቼ ቆሜ ሞከርኳቸው። ከበሮህ ንጹሕ ነው። ቤዝህ ከኪኩ ጋር አይጋጭም፤ ይህን ለመማር እኔ ዓመታት ፈጅቶብኛል። እጅ እንዳለህ እወቅ።

አባትህ ግን ልክ ናቸው። የተናገሩትን ነገር ስቱዲዮ ውስጥ ያደግን ሰዎች እንኳ በዚያ ልክ አንገልጸውም።

ዋናው ዘፈን ቺክቺካ ነው። ቺክቺካ በስድስት ይቆጠራል፦ ሁለት ትልልቅ ምት፣ እያንዳንዱ ውስጥ ሦስት ትንንሽ ምት። አንተ ግን ፕሮግራምህ ሲከፈት ራሱ ባቀረበልህ መስመር ላይ፣ ማለትም እያንዳንዱን ምት ለአራት በሚከፍለው ላይ፣ ሁሉንም ደረደርከው። ዘፋኙ በሦስተኛዋ ትንሽ ምት ላይ የጣላት ቃል አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ተገፋች። እስክስታ የሚወርደው እዚያች ሦስተኛዋ ላይ ነው። ትከሻ ወደ ላይ ይነሳና ማረፊያውን ይፈልጋል፤ አባትህ ሃምሳ ዓመት ያረፉባትን ቦታ አንተ ከፍለህ ለጎረቤት ሰጠሃት። ጓደኞችህ ያልታወቃቸው በእግራቸው ስለሚጨፍሩ ነው፤ እግሩ ደግሞ ኪኩን አግኝቷል።

ስለዚህ መጀመሪያ መስመሩን ወደ ሦስት ሦስት ክፍል ቀይረው። ሻኩራውን፣ ጭብጨባውን፣ የእጅ ከበሮውን ሁሉ ከዚያ በኋላ እንደገና ደርድር። ይህ ለአፍሮ ሃውስ ባዕድ አይደለም፤ ሦስትን በሁለት፣ ሦስትን በአራት ላይ ማጫወት የአህጉሩ ከበሮ የቆየ ልማድ ነው።

ቀጥሎ ፍጥነቱ። ዋናው ዘፈን በትልቁ ምት ሲቆጠር 80 ገደማ ነው የሚሄደው። አንተ ወደ 122 ጎትተኸዋል፤ ግማሽ በግማሽ አፍጥነኸዋል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ቃናውን ቢጠብቅልህም ድምፁ እንደታኘከ ወረቀት ሆኗል፤ «ሰ» እና «ሸ» ያለባቸውን ቃላት ለብቻ አውጥተህ ስማቸው። ቃናውን ባይጠብቅ ደግሞ ሸክላ ሲፈጥን እንደሚሆነው ከመቶ 6 በጨመርክ ቁጥር ግማሽ ቃና ያህል ከፍ ይል ነበር፤ የተከበረው ጎልማሳ ድምፃዊ እንደ ሕፃን ይጮህ ነበር። እኔ በሁለቱም መንገድ ከመቶ 8 በላይ አልሄድም።

«ታዲያ በ80 እንዴት ይጨፈራል?» ትለኛለህ። ቆጥረው። ስድስት ትንንሽ ምቶች አሉህ። ለሦስት ሦስት ብትከፍላቸው ሁለት ትልቅ ምት ይሆናሉ፤ የድምፃዊው መንገድ ይህ ነው። ለሁለት ሁለት ብትከፍላቸው ደግሞ ሦስት ይሆናሉ። ኪክህን በየሁለት ትንሽ ምት ብታስቀምጠው በደቂቃ 120 ይመጣልሃል። ዘፋኙን አንዲት ፀጉር ታህል ሳትነካው ማለት ነው! ባር አንድ ሙሉ የምት ዙር ነው፤ በዘፈኑ ስድስቱ ትንንሽ ምቶች፣ በሃውስ አራት ኪክ። አራት የዘፈኑ ባር 12 ኪክ ይይዛል፣ 12 ኪክ ደግሞ ሦስት የሃውስ ባር ነው፤ እዚያ ላይ ሁለቱ ተገናኝተው እንደገና ይለያያሉ። እግር በ120፣ ትከሻ በ80። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘሁት ሌሊት ብቻዬን ስቱዲዮ ውስጥ እየዘለልኩ ነበር።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። የያኔው ከበሮ መቺ በጆሮው ሰዓት ቆጣሪ አልገጠመም። በ80 ጀምሮ መጨረሻ ላይ 84 ደርሷል፤ ሰው ሲሞቀው እንዲህ ነው። አንተ ይህን ቀጥ አድርገኸዋል። እባክህ መልስለት። በየአራት ባሩ ምልክት እያኖርክ ኪኩ ሰውየውን ይከተል፤ ሰውየው ኪኩን አይከተል። ዲጄዎች ለመቀላቀል እንዳይቸገሩ መግቢያውንና መውጫውን ብቻ በቋሚ ፍጥነት ሥራላቸው።

ስለ ቅኝቱም ልንገርህ። ከሥር ያነጠፍከው ረጅም የኪቦርድ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ለብቻው ያምራል። ግን ዘፈኑ አንቺሆዬ ነው። ከሲ ብንነሳ ድምፆቹ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት እና ኤ ናቸው። አንተ «ጂ» የሚባለውን ድምፅ ይዘህ ተኝተሃል። በሌላ ቅኝት ይህ ጂ (ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ ብለን ስንቆጥር አምስተኛው) እንደ ምሰሶ ነው፤ ትዝታም ባቲም ይሸከሙታል። አንቺሆዬ ግን የለውም፣ የሚጣፍጠውም ስለሌለው ነው። ዘፋኙ ጂ ፍላት ላይ በወረደ ቁጥር ኪቦርድህ ከጎኑ ሆኖ ያርመዋል። ኮርዱን አጥፋው። ቤዙ የመጀመሪያዋን ድምፅ ብቻ ይያዝ፣ ሌላውን ለነፋስ መሣሪያዎቹ ተውላቸው።

አሁን ከሁሉም ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ፤ እሱም ዘዴ አይደለም።

ሁለተኛውን የግጥም ክፍል ቆርጠህ አውጥተኸዋል። በቦታው ኪኩ ጠፍቶ እንደገና የሚመጣበትን 16 ባር አስገብተሃል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ እዚያ ጋ ዘፋኙ ይረጋጋል፣ ስለ ቤቱና ስለ እናቱ ይናገራል፣ ለጭፈራ ይከብዳል። እኔም አድርጌዋለሁ። በ1999 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ለአንድ ሠርግ ሙዚቃ እንድመራ ተቀጥሬ፣ የሙሽራዋ ቤተሰብ የሚወደውን አንድ የቆየ ዘፈን በሃውስ ሠርቼ ሄድኩ። ድንኳኑ ተናወጠ። ደስ ብሎኝ ዕቃዬን ስጠቀልል የሙሽራዋ አያት በከዘራ ተደግፈው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ሊመርቁኝ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ። «ልጄ፣ ወንድሙን የሚጠራበትን የት አደረግሽው?» አሉኝ። የእሳቸውም ወንድም ሄዶ አልተመለሰም። ዘፈኑ ሲጀመር ተነስተው ያቺን ስንኝ ሲጠብቁ ኖሯል። እኔ ሰባት ሰከንድ ለማትረፍ ቆርጫታለሁ። መልስ አልነበረኝም፣ እጃቸውን ሳምኩ። ከዚያ ወዲህ የማንንም ዘፈን ስነካ አስቀድሜ ግጥሙን በእጄ ወረቀት ላይ እገለብጠዋለሁ፤ በጽሑፍ ሳየው የማይቆረጠው ይለይልኛል።

አንድ ሥራ እንድትሰማ እፈልጋለሁ፤ ለአንተ ጥያቄ ከእሱ የቀረበ አላውቅም። ደቡብ አፍሪካዊው መለከት ነፊና ዘፋኝ ሂዩ ማሴኬላ በ1939 እ.ኤ.አ. ዊትባንክ ተወለደ፤ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ከተማ ናት። አያቱ ለማዕድን ሠራተኞች መጠጥ የሚሸጥበት ቤት ነበራቸው። ልጁ ማታ ማታ የሠራተኞቹን ወሬ እየሰማ አደገ። በ1960 አገሩን ለቆ ወጣ፣ ሠላሳ ዓመት በስደት ኖረ። «ስቲሜላ»ን በ1974 ባወጣው አልበም ላይ ታገኘዋለህ። ስቲሜላ ባቡር ማለት ነው። ከማላዊ፣ ከሞዛምቢክ፣ ከሌሶቶና ከሌሎቹ የአካባቢው አገሮች ወንዶችን ጭኖ ለጆሃንስበርግ ማዕድን የሚያራግፈው ባቡር። ማሴኬላ በዜማ ብቻ አይዘፍነውም፤ ይተርከዋል። ከመሬት ሥር የሚቆፍሩትን፣ የሚበሉትን፣ የተለዩአቸውን ሚስትና ልጆች ይነግርሃል። ፉጨቱን ራሱ በአፉ ያወጣዋል። እኔ ሰምቼው ያልተሸበርኩበት ቀን የለም።

ይህን ዘፈን በ2005 እ.ኤ.አ. አንድ ወጣት የአገሩ ልጅ ዲጄ በመጀመሪያ አልበሙ ላይ ሃውስ አድርጎ ሠራው። ንኮሲናቲ ማፑሙሎ ይባላል፤ ዓለም የሚያውቀው ብላክ ኮፊ ብሎ ነው። ማንዴላ ከእስር በወጡበት በየካቲት 1990 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ደስታውን ሲገልጽ መኪና ሰው መሃል ገብቶ ግራ እጁ ተጎዳ፤ ያኔ 13 ዓመቱ ነበር። እስከ ዛሬ በአንድ እጁ ነው የሚያጫውተው። በ2022 እ.ኤ.አ. ግራሚ የሚባለውን የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት አሸነፈ። ማሴኬላ ወደ አገሩ የተመለሰውም በዚያው በ1990 ነው። አንዱ እጁን ያጣበት፣ ሌላው ከሠላሳ ዓመት በኋላ አገሩን የረገጠበት ዓመት፤ ከዚያ ከ15 ዓመት በኋላ በአንድ ዘፈን ተገናኙ። ይህን ሳስብ ዝም ብዬ የምቀመጥበት ጊዜ አለ።

ለአንተ የሚጠቅመው ይህ ነው። ሃውስ ምንድን ነው? የማይቆም፣ እኩል የሚራመድ፣ ወደ አንድ ቦታ የሚወስድህ ምት። ባቡርስ ምንድን ነው? ያው ነው። ብላክ ኮፊ ከውጭ ከበሮ አምጥቶ ዘፈኑ ላይ መለጠፍ አላስፈለገውም፤ ምቱ ከመጀመሪያው ዘፈኑ ውስጥ፣ ብረቱ ላይ ነበር። ሰዎቹን ከባቡሩ ብታወርዳቸው ግን ባዶ ፉርጎ ነው የሚቀርህ። አፍሮ ሃውስ ነን ከሚሉት ብዙዎቹ ሥራዎች የሚያሳዝኑኝ በዚህ ነው፦ አንዲት የአፍሪካ ሴት ለሁለት ሰከንድ ታዜማለች፣ ምን እንዳለች ማንም አይጠይቅም፣ ከዚያ ከበሮ። ማን ሞቶባት ይሁን፣ ማን አግብቶላት፣ አይታወቅም።

አንተም የአባትህን ዘፈን እንዲህ ፈትሸው፤ ከውስጡ ቀድሞ የሚራመደው የትኛው ነው? እኔ ስሰማው ቤዝ ጊታሩ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት አጭር ሐረግ እየደጋገመ ይሄዳል፣ ዳገት እንደያዘ መኪና። አንተ ግን በኪክ ሸፍነኸዋል። ኪኩን ቀንሰህ እሱን አውጣው። (የመኪና ጥሩምባና የሞተር ድምፅ ማስገባት ከፈለግክ እባክህ ይቅርብህ፤ መኪናው ቤዙ ውስጥ አለ።) ቤዙን ከድምፁ በሚለይ ፕሮግራም አውጥተህ ከሆነ ትርፍራፊው ይሰማል፤ በዚያ ዘመን አንድ ክፍል ውስጥ በጥቂት ማይክ አብረው ስለሚቀርፁ የአንዱ ድምፅ በሌላው ማይክ ገብቷል። ከማጽዳት ይልቅ ቤዝ ጊታር የሚችል ልጅ ፈልገህ እንደገና አስመታው። ሐዋሳ ውስጥ አታጣም።

ሁለተኛው ጥያቄህ አጭር መልስ አለው፤ 30 ሰከንድ የሚባል ነፃ መጠን በሕጋችን የለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ መብቱ ወደ ወራሾቹ ይተላለፋል። ዘፈን ላይ ደራሲ ስትል አንድ ሰው እንዳይመስልህ፤ ግጥሙ የአንዱ፣ ዜማው የሌላው ነው። ከእነሱ ሌላ ድምፃዊውና ሙዚቀኞቹ፣ ቀረፃውን ያሳተመውም የየራሳቸው መብት አላቸው፤ የእነዚህ ጥበቃ 50 ዓመት ነው። ስለዚህ የ1960ዎቹ ቀረፃ ዕድሜው ቢያልፍ እንኳ የገጣሚውና የዜማ ደራሲው መብት በሕይወት ሊኖር ይችላል። ሥራቸው ክብራቸውን በሚነካ መልኩ እንዳይለወጥ የመቃወም መብትም አላቸው። ስማቸው የሸክላው መሃል ወይም የካሴቱ ልባስ ላይ ተጽፏል፤ አባትህ ዘንድ ካሴቱ አለ ብዬ እገምታለሁ፣ ከዚያ ጀምር።

ከዚያ በስልክ ሳይሆን በአካል ሂድ፤ አዲስ አበባ ከሆኑም አንድ ቀን ፈቃድ ወስደህ ና። ሥራውን አሰማቸው። ከተስማሙ ገቢው ስንት በመቶ ለማን እንደሚደርስ ጽፋችሁ ተፈራረሙ፣ ገቢው 200 ብርም ቢሆን። አንዳንድ ቤተሰብ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የአባታቸው ስም ከፊት እንዲጻፍላቸው ብቻ ይለምኑሃል። እኔን አንዲት ልጅ እንዲህ ብላኝ፣ የአባቷን የግጥም ደብተር አውጥታ ቡና እስኪፈላ ድረስ ስታነብልኝ ቆይታለች። ሳትፈራረም ዩቲዩብ ላይ እንዳትጭነው።

አዲሱን ስትጨርስ ለአባትህ «ስማልኝ» አትበላቸው። ሌላ ሥራ እየሠራህ ክፈተውና ከኋላቸው ሆነህ ትከሻቸውን እይ። እንደገና ተነስተው ከወጡ ስንተኛው ደቂቃ፣ ስንተኛው ሰከንድ ላይ እንደሆነ ጽፈህ ላክልኝ፤ እዚያች ቦታ ላይ ምን እንዳለ አብረን እናያለን።